የዓይን ሌዘር ለምን «ጠቅ ጠቅ» ይላል? «የማይቆራረጠው እስኪመጣ ልጠብቅ?» ላላችሁኝ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ የውስጥ መስመር መልእክት ነው። ላኪዋ 24 ዓመቷ ነው። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር ግን አላስገባሁም። እንዲህ ትላለች፦

«ዶክተር እንደምን ዋሉ? መነጽሬ ማይናስ 5 ነው። ላሲክ ለመሠራት ሁለት ዓመት ብር አጠራቅሜ አሁን ሞላልኝ። ውጭ አገር ሄጄ ልሠራ ስል አንድ ቪዲዮ አየሁ። አሁን ያሉት ማሽኖች ዓይንን በምት በምት ስለሚመቱ ይጎዳሉ፣ የማይቆራረጥ ኤክሳይመር ሌዘር እየተጠና ስለሆነ እሱን ጠብቁ ይላል። ልጠብቅ ወይስ ልሠራ?»

መጀመሪያ «አትጠብቂ» ብዬ በአንድ ቃል ልመልስላት ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነትም ያልተቋረጠ ብርሃን የሚሰጥ ኤክሳይመር ሌዘር ለመሥራት ለአሥርት ዓመታት ሲሞከር ቆይቷል። እውነትም ክሊኒክ ውስጥ ያለው ሌዘር በምት በምት ነው የሚተኩሰው። ቪዲዮው የተሳሳተው «ስለዚህ ይጎዳል» የሚለው ላይ ነው። ያንን ለማስረዳት ደግሞ ትንሽ ፊዚክስ ያስፈልገናል። አትፍሩ፣ እኔም የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ፊዚክስ አልወድም ነበር።

ላሲክ ወይም ፒአርኬ የተሠራ ሰው ጠይቁ፤ ሁለት ነገር ይነግራችኋል። አንዱ ድምፁ ነው፤ የድሮዎቹ ማሽኖች ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላሉ፣ አዲሶቹ ከመፍጠናቸው የተነሳ ድምፁ ተያይዞ ጥርርር ይላል። ሁለተኛው ሽታው ነው፤ ፀጉር ሲቃጠል የሚመስል ሽታ። ብዙ ሰው «ዓይኔ ተቃጠለ እንዴ?» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። አልተቃጠለም። ሽታው ከኮርኒያ ላይ ብን ብለው የተነሱት ደቃቅ ቅንጣቶች ሽታ ነው። (ኮርኒያ ማለት በተለምዶ የዓይን ብሌን የምንለው፣ የዓይናችን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ነው።)

አሁን ወደ ማሽኑ ውስጥ እንግባ።

ለዓይን የምንጠቀምበት ኤክሳይመር ሌዘር ሆዱ ውስጥ ያሉት ዋና ጋዞች አርጎንና ፍሎሪን ናቸው። አርጎን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ 1 በመቶ ገደማ አለ። ጠባዩ ብቸኛ ነው፤ ከማንም ጋር አይጋባም። ፍሎሪን በተቃራኒው ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ ጋዝ ነው። ሁለቱን አንድ ዕቃ ውስጥ ብትጨምሯቸው አርጎን ዞር ብሎም አያየውም። ከ10,000 ቮልት በላይ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው ግን አርጎን ይነቃቃና ሳይወድ በግዱ ከፍሎሪን ጋር ይጣመራል። ይህ ጋብቻ የሚቆየው ጥቂት ናኖሰከንድ ነው፤ አንድ ናኖሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ሲፋቱ የያዙትን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቁታል። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 193 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን የማያየው ኃይለኛ አልትራቫዮሌት። «ኤክሳይመር» የሚለው ስምም «ኤክሳይትድ ዳይመር» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው፤ ሲነቃቃ ብቻ የሚኖር ጥንድ እንደማለት።

እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አለ። ሌዘር እንዲሠራ የተነቃቁት ካልተነቃቁት መብዛት አለባቸው። ያልተነቃቁት ከበዙ የወጣውን ብርሃን መልሰው ይውጡታል። በሌሎች ሌዘሮች ይህን ብልጫ ማግኘት ትልቅ ራስ ምታት ነው። በኤክሳይመር ግን «ያልተነቃቃ ጥንድ» የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ጉልበቱን እንዳጣ ተፋትቶ እየሄደ ነው። ብርሃኑን የሚውጥ ጎረቤት የለም። በዚህ በኩል ኤክሳይመር ለሌዘርነት የተፈጠረ ይመስላል።

ታዲያ ለምን ሳይቋረጥ አይበራም?

ሮቶ አስቡ፤ የውኃ ሮቶ። ታችኛው ላይ እጅግ ትልቅ ቀዳዳ አለበት። ውኃው ከግማሽ በላይ ሲደርስ ብቻ ነው ሌዘሩ የሚሠራው። ጥንዶቹ በጥቂት ናኖሰከንድ ስለሚፋቱ ቀዳዳው ማለት እሱ ነው፤ የሞላችሁት ወዲያው ይፈሳል። ሮቶውን ሳያቋርጡ ከግማሽ በላይ ለማቆየት በቧንቧ ውኃ አይሆንም፤ የእሳት አደጋ መኪና ያለማቋረጥ መልቀቅ አለበት። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ባጠረ ቁጥር ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ስለዚህ ለአልትራቫዮሌት ሌዘር የሚያስፈልገው ጉልበት ለቀይ ሌዘር ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል።

«እሺ፣ እሳት አደጋውን እንልቀቀው» ብትሉ ሌላ ችግር ይመጣል። ኤሌክትሪኩ በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ መጀመሪያ ላይ እኩል ተሰራጭቶ እንደ ኒዮን መብራት ይበራል። ይህ መልካም ጠባዩ ግን ብዙ አይቆይም። ከ100 ናኖሰከንድ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ቀጭን መንገድ መርጦ ትንሽ መብረቅ ይሆናል። መብረቅ ሲሆን ጋዙ አንድ ቦታ ላይ ይግላል፣ ጥንዶቹ ይበተናሉ፣ ሌዘሩ ይጠፋል። ፍሎሪኑም ኤሌክትሮን የመንጠቅ ጠባይ ስላለው ነገሩን ያባብሰዋል።

መሐንዲሶቹ ያገኙት ብልሃት ምንድነው? ሮቶውን በአንድ ባልዲ ድንገት መሙላት፣ መብረቁ ሳይመጣ ማቆም፣ የጋለውን ጋዝ በማራገቢያ ጠርጎ ማውጣት፣ ከዚያ እንደገና መሙላት። እያንዳንዱ ባልዲ አንድ ምት ነው። ጠቅ።

የታሪኩን ነገር ቶሎ ልለፈው። በ1970 ሞስኮ በሚገኘው የሌቤዴቭ ፊዚክስ ኢንስቲትዩት ኒኮላይ ባሶቭና ባልደረቦቹ ፈሳሽ ዜኖንን በኤሌክትሮን ጨረር መትተው የመጀመሪያውን ኤክሳይመር ሌዘር አሳዩ። ባሶቭ ቀደም ብሎ በ1964 በሌዘር ሥራ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። በ1975 አሜሪካ ውስጥ ዜኖንና ክሪፕተንን ከእነ ፍሎሪን ጋር ያጣመሩ ሌዘሮች ተከታትለው ወጡ። በ1976 ደግሞ የእኛው አርጎን ፍሎራይድ መጣ። ሁሉም በምት የሚሠሩ ነበሩ።

ወደ ሕክምና የገባበት መንገድ ግን ቆም ብሎ ሊነገር የሚገባው ነው፤ በእኔ እይታ ከሕክምና ታሪክ ውስጥ ደስ ከሚሉት አንዱ ነው። ኒውዮርክ ግዛት ባለው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን፣ ጄምስ ዊን እና ሳሙኤል ብለም የሚባሉ ሳይንቲስቶች ይህ ሌዘር ፕላስቲክን ሳያቃጥል ንጹሕ አድርጎ እንደሚቆርጥ አውቀዋል። «ሥጋስ?» አሉ። በኅዳር 1981 የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል በዋለ ማግስት ስሪኒቫሳን ከበዓሉ የተረፈ የተርኪ ሥጋ ይዞ ቢሮ ገባ። እኛ በበዓል ማግስት የተረፈውን ዶሮ ወጥ ነው ይዘን የምንገባው። በ193 ናኖሜትሩ ሌዘር የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ በሌላ ዓይነት አረንጓዴ ሌዘር የተመታው ግን ጠርዙ ተቃጥሎ ከሰለ። በ1983 የኒውዮርኩ የዓይን ሐኪም ስቲቨን ትሮከል ከስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ በከብት ዓይን ኮርኒያ ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ። በ1988 ማርጋሪት ማክዶናልድ የምትባል ሐኪም ማየት በሚችል የሰው ዓይን ላይ የመጀመሪያውን ፒአርኬ ሠራች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1995 ለሕክምና ፈቀደው።

አረንጓዴው ለምን አቃጠለ፣ ኤክሳይመሩ ለምን አላቃጠለም? የጽሑፌ እምብርት እዚህ ነው።

አንደኛ፣ የ193 ናኖሜትር ብርሃን እያንዳንዱ ቅንጣት 6.4 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይይዛል። የኮርኒያችንን ፕሮቲን አያይዘው የያዙት ዋና ዋና ማሰሪያዎች ከ3 እስከ 4 በሚሆን ይበጠሳሉ። ስለዚህ ብርሃኑ ፕሮቲኑን አሙቆ ሳይሆን ማሰሪያውን በጥሶ ነው የሚያነሳው። ሁለተኛ፣ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ጥልቀት ላይ ተውጦ ያልቃል፤ ወደ ዓይን ውስጠኛው ክፍል አይገባም። ሦስተኛው ደግሞ ቪዲዮው የተሳሳተበት ነው፤ ምቱ አጭር ነው። አንድ ምት ከ10 እስከ 20 ናኖሰከንድ ገደማ ይቆያል። በዚህች ጊዜ የተፈጠረችው ሙቀት ወደ ጎረቤት ሥጋ ለመሄድ ጊዜ አታገኝም፤ ብን ብሎ ከሚወጣው ቅንጣት ጋር ተያይዛ አብዛኛዋ ትወጣለች።

በልጅነታችን የጧፍ ነበልባል ውስጥ ጣታችንን ሽው አድርገን አሳልፈን «አላቃጠለኝም!» እንል የለ? እሱ ነው። ጣታችሁን እዚያው ብታቆዩት ግን ታውቁታላችሁ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላው። ማሽኑ በሰከንድ 500 ጊዜ ይተኩሳል እንበል፤ ዛሬ ካሉት መካከል 1,000 የሚደርሱም አሉ። አንዱ ምት 15 ናኖሰከንድ ቢቆይ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሌዘሩ በትክክል የበራበት ጊዜ 7.5 ማይክሮሰከንድ ነው። 20 ሰከንድ በሚፈጅ ሥራ ውስጥ ጠቅላላ የበራበት ጊዜ ተደምሮ 150 ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ 0.00015 ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ጨለማ ነው። ኮርኒያው የሚያርፍበት፣ የሚቀዘቅዝበት፣ ዓይን መንቀሳቀሱን ካሜራው የሚከታተልበት ጊዜ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ጭራሽ ተከታታይ ሁለት ምት አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ እያዘዋወሩ ነው የሚተኩሱት።

አንድ ምት 1 ሚሊጁል ጉልበት ቢይዝ፣ በሰከንድ 500 ምት ማለት በአማካይ ግማሽ ዋት ነው። የስልካችሁ ቻርጀር ከዚህ አሥር እጥፍ ይሰጣል። ነገር ግን በዚያች በ15 ናኖሰከንድ ውስጥ ብቻ ኃይሉ ከ60,000 ዋት በላይ ይሆናል። ኮርኒያ ብን ብሎ እንዲነሳ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ በካሬ ሴንቲሜትር 50 ሚሊጁል ገደማ ከሚሆን ደፍ ማለፍ አለበት። ያንኑ ግማሽ ዋት ሳታቋርጡ በቀስታ ብትለቁት ያንን ደፍ የሚያልፍ ድንገተኛ ምት አይኖርም፤ ሙቀቱ ግን ወደ ጎን ለመሰራጨት በቂ ጊዜ ያገኛል። ለኮርኒያ የምንፈራው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ምት የሚያነሳው ሩብ ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ሥራው በቁጥር ይለካል። ለማይናስ 5 መነጽር፣ 6 ሚሊሜትር ስፋት ላይ ሲሠራ፣ የሚነሳው 60 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም። የጤነኛ ሰው ኮርኒያ መሐሉ ላይ 540 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ምት በምት መሆኑ ሐኪሙ ይህን ያህል እንዲያነሳ፣ ከዚህ እንዳያልፍ ያስችለዋል።

ስለዚህ ለዓይን ቀዶ ሕክምና የማይቆራረጥ ሌዘር የሚጠበቅ ዕድገት አይደለም። ምቱ ራሱ ነው ጥበቃው።

«ታዲያ ተመራማሪዎቹ ለምን ይደክማሉ?» ትሉ ይሆናል። ለዓይናችን ብለው አይደለም፤ አሁን በእጃችሁ ለያዛችሁት ስልክ ነው። በስልካችሁ ውስጥ ካሉት ቺፖች አብዛኞቹ የተቀረጹት በዚሁ 193 ወይም በ248 ናኖሜትር ኤክሳይመር ብርሃን ነው። ፋብሪካው ውስጥ ያለው ሌዘር በሰከንድ እስከ 6,000 ጊዜ ይተኩሳል፤ ሌት ተቀን። የእያንዳንዱ ምት ድንገተኛ ኃይል ውድ የሆኑትን ሌንሶች ቀስ በቀስ ያበላሻቸዋል። ብርሃኑ ሳይቋረጥ በለስላሳው ቢመጣ ሌንሱ ይተርፍ ነበር። ለዚህ ነው ለምሳሌ ጃፓን ውስጥ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው ታዳሂሮ ኦህሚ ከካኖን ኩባንያ ጋር በማይክሮዌቭ ጉልበት የሚነቃቃ፣ የማይቆራረጥ ኤክሳይመር ሌዘር ለመሥራት በ1990ዎቹ የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የካርል ሾንባህ ቡድን መብረቁን ለማስቀረት ሌላ ብልሃት ሞከረ፤ ኤሌክትሪኩን ከ100 ማይክሮሜትር ብዙም በማይሰፋ ጉድጓድ ውስጥ ማሳለፍ። ጉድጓዱ በጣም ጠባብ ስለሆነ ብልጭታው ሳይበጠበጥ ይቆያል። በዚህ መንገድ በተራ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ የሚወጣ የኤክሳይመር ብርሃን አገኙ። ትልቅ ነገር ነው። ግን ብርሃን ነው እንጂ ሌዘር አይደለም፤ ሮቶው ውስጥ ውኃ አለ፣ ከግማሽ በላይ ግን አልደረሰም። ክሊኒክ የገባ የማይቆራረጥ ኤክሳይመር ሌዘር እስከ ዛሬ የለም።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም ማስታወቂያ ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል። ኤክሳይመር መብራት እና ኤክሳይመር ሌዘር ይለያያሉ። መብራቱ ብርሃኑ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚበተን፣ ለሌዘር የሚሆን ጉልበት የማያስፈልገው ነው፤ ሳይቋረጥ በርቶ መቆየት ይችላል። የቆዳ ሐኪሞች ለለምጽና ለሶሪያሲስ የሚጠቀሙበት 308 ናኖሜትር ብርሃን በሌዘርም በመብራትም ይመጣል። ለቆዳ መብራቱም ጥሩ ይሠራል፣ ምክንያቱም እዚያ የሚፈለገው ሥጋ ማንሳት ሳይሆን የቆዳውን ሕዋሳት ማነሳሳት ነው። ስለዚህ «የማይቆራረጥ ኤክሳይመር አለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ስለ ቆዳ መብራት እያወራ ሊሆን ይችላል። የዓይን መነጽር የሚያስጥል ግን አይደለም።

ይህን ሁሉ ባጭሩ ጻፍኩላትና «አትጠብቂ፤ ግን ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቶፖግራፊ ተነሺ» አልኳት። ቶፖግራፊ የኮርኒያን ቅርጽ እንደ ካርታ የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከእናቷ ጋር መጣች። እየጠየቅኋት ሳለ ሁለት ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። በሁለት ዓመት ውስጥ መነጽሯን ሦስት ጊዜ ቀይራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ደግሞ የዓይን አለርጂ አለባት፤ በተለይ በበጋ፣ አቧራ ሲነሳ። «ዓይኗን ማሸት አትተውም፤ እንቅልፍ ላይ እንኳን ታሻለች» አሉ እናትየዋ። እኔ ያን ስሰማ ስለ ሌዘር ማሰብ አቆምኩ።

ካርታው ወጣ። የሁለቱም ዓይን ታችኛው ክፍል ወደ ፊት ገፍቷል፤ ቀጭኑ ቦታ 470 ማይክሮሜትር ነው። ኬራቶኮነስ። ኮርኒያው እየሳሳ፣ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት እየገፋው፣ እንደ ሾጣጣ የሚሆንበት በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ይጀምራል፤ ዓይንን በኃይል ማሸት ያባብሰዋል። እንዲህ ካለው ኮርኒያ ላይ ሌላ 60 ማይክሮሜትር ብናነሳ መነጽሩ ለጥቂት ወራት ይወልቅ ይሆናል፣ ከዚያ ግን ኮርኒያው ሊወጣጠርና እይታዋ በመነጽርም የማይስተካከል ሊሆን ይችላል። የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ እስከ መጠየቅ የደረሰባቸው አሉ።

«ለአንቺ ዓይን የትኛውም ሌዘር አይሆንም» አልኳት። «የሚቆራረጠውም፣ የማይቆራረጠውም።»

ዝም አለች። ቆይታ «ሁለት ዓመት እኮ ነው ያጠራቀምኩት» አለች። ምን ይባላል? እናትየዋ ደግሞ እጄን ያዝ አደረጉና «የኔ ልጅ፣ ዓይኗ ሊጠፋ ነው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ አይጠፋም፤ በጊዜ ነው የደረስንበት» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ለዚህ በሽታ ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና አለ። የጀርመኗ የድሬስደን ከተማ ሐኪሞች በታካሚዎች ላይ ያገኙትን ውጤት በ2003 አሳትመውታል። ኮርኒያው ላይ ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ለ30 ደቂቃ ይንጠባጠባል። ከዚያ 365 ወይም 370 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። ቫይታሚኑና ብርሃኑ ተባብረው በኮርኒያው ቃጫዎች መካከል ተጨማሪ ማሰሪያ ይፈጥራሉ፤ ኮርኒያው ይጠነክራል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ዘዴ የብርሃኑ ጉልበት በካሬ ሴንቲሜትር 3 ሚሊዋት ብቻ ነው፤ ሳይቋረጥ ለ30 ደቂቃ። የሚፈልገው ማይናስ 5 ማስተካከል ሳይሆን ቀስ ብሎ ማሰር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ረጅምና ለስላሳ ብርሃን ይስማማል። ኤክሳይመሩ ማሰሪያ ይበጥሳል፤ ይሄኛው ያስራል። ልጅቷ ስትጠይቀኝ የነበረው «የማይቆራረጥ አልትራቫዮሌት» ለእሷ ዓይን መጥቶ ነበር፤ በሌላ በር ብቻ። (ዛሬ ጊዜውን ለማሳጠር በ9 ሚሊዋት በ10 ደቂቃ የሚሠሩም፣ ብርሃኑን በምት የሚሰጡም አሉ። የትኛው እንደሚሻል በዓይኑ ሁኔታ የሚወሰን ነው።)

ግልጽ ልሁን፤ ክሮስሊንኪንግ መነጽር አያስጥልም። ሥራው በሽታውን ማቆም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ያማል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ብርሃን አያስችልም። መደበኛው ዘዴ ቢያንስ 400 ማይክሮሜትር ውፍረት ይፈልጋል፤ እሷ 470 ነበራት። አንድ ሁለት ዓመት ብትዘገይ ይህንንም ላታገኝ ትችል ነበር።

ላሲክ ለምታስቡ ሁሉ፣ የማሽኑን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን አስቡ። ዕድሜያችሁ ከ18 ያለፈ፣ የመነጽር ቁጥራችሁ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያልተቀየረ መሆን አለበት። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ከመለካታችሁ በፊት አውልቁ፤ ለስላሳው ቢያንስ ሳምንት፣ ጠንካራው ሳምንታት፤ አለበለዚያ ካርታው ይዋሻል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትቆይ። የዓይን ድርቀት ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከም። ከ40 በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ላሲክ የሩቁን ቢያስተካክልም የማንበቢያ መነጽር እንደማያስቀር አስቀድማችሁ እወቁት፤ በኋላ «ተጭበረበርኩ» እንዳትሉ። ስማይል የሚባለውን የምትጠይቁም አላችሁ፤ እሱ ኤክሳይመር አይደለም፣ ፌምቶሰከንድ ሌዘር ነው። እሱም ግን በምት ነው የሚሠራው፤ ምቱ እንዲያውም እጅግ ያጥራል። ኬራቶኮነስ ላለበት ሰው እሱም አይሆንም።

ልጆቻችሁ ዓይናቸውን የሚያሹ ከሆነ አትቆጧቸው፤ ማሳከኩ ነው የሚያሳሻቸው። ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉላቸውና የአለርጂ ጠብታ እንዲታዘዝላቸው ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዷቸው። ከፋርማሲ ያለ ትዕዛዝ የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ማሳከኩን ቶሎ ያቆማል፣ ግን ለወራት ሲደረግ ግላኮማና ሞራ ያመጣል። ይህን እባካችሁ አትለማመዱ።

ልጅቷ ሁለቱንም ዓይኗን ተራ በተራ ክሮስሊንኪንግ ተሠርታለች። በስድስተኛው ወር ያነሳነው ካርታ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሾጣጣው አልጨመረም። አሁን ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ እየለመደች ነው፤ መጀመሪያ ላይ አሸዋ የገባባት ይመስላት ነበር፣ አሁን ግን ከመነጽሩ የተሻለ አይባታለሁ ብላኛለች። ከብሩ የተረፈውን ምን እንዳደረገችበት አልጠየቅኳትም።

ቶፖግራፊ ያላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደሚከታተላችሁ ሐኪም ሂዱ። በውስጥ መስመር የዓይናችሁን ፎቶ የምትልኩልኝ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጀማሪ ኬራቶኮነስ በስልክ ፎቶ አይታይም። ሌላ ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉት፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።